«አንድ ነን» ያልኩበት ቀን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። አንድ ያሳፈረኝን ነገር ላውራችሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ የጸሎት ኅብረት አስተባብር ነበር። አንድ ቀን ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንድ ወንድም ጠጋ አለኝና «በእኛ ቋንቋ የሚዘመረው መቼ ነው? እኛ ሁሌ አድማጭ ነን» አለኝ። እኔ ደግሞ ፈጠን ብዬ «ወንድሜ፣ በክርስቶስ እኮ ሁላችንም አንድ ነን። የቋንቋ ነገር እዚህ ባናመጣ» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በቅርቡ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ሳነብ ያ ዝምታ ትዝ አለኝ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አማኞች አጉረመረሙ፤ በየዕለቱ በሚታደለው እርዳታ መበለቶቻችን ተረሱ ብለው። ሐዋርያቱ «አንድ ነን፣ አትከፋፍሉን» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። እስቲ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም! እርግጥ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያትም እንድርያስ የግሪክ ስም ነበረው። ኒቆላዎስ ግን ጭራሽ በትውልዱ አይሁዳዊ አልነበረም። እኔ ብሆን ኮሚቴውን ግማሽ በግማሽ አደርገው ነበር።

ያን ቀን በልቤ የያዝኩት ጥቅስ ገላትያ 3፥28 ነበር፤ «አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም» የሚለው። ያው ጥቅስ «ወንድም ሴትም የለም» ይላል። እሱን አንብቦ ወንድነቱን የተወ ሰው እስካሁን አላየሁም። ጳውሎስ ራሱ ከብንያም ነገድ መሆኑን አልደበቀም። እሱን ያስቆጣው ሌላ ነው። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ከያዕቆብ ዘንድ አይሁዳውያን አማኞች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። ያኔ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው።

ራእይ 7፥9ም አለ። ዮሐንስ በዙፋኑ ፊት ያየው ሕዝብ ከነገዱ፣ ከነቋንቋው ነው የቆመው። የሁሉም ልብስ ግን ነጭ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለዚያ ወንድም ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ያኔ ያልኩትን ቃል በቃል ደገመልኝ።