ነፍሰ ጡሯን ስለ ዘይቷም እንጠይቃት

የተከበራችሁ አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ዛሬ አብራችሁን የተገኛችሁ እናቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

በእርግዝና ክትትል ላይ ስኳሯ ከፍ ያለባትን እናት «ጣፋጭ ቀንሺ» እንላታለን። ልክ ነው። ወጧን በምን ዘይት እንደምትሠራ ግን አንጠይቃትም። የመጣሁት ይህን ጥያቄ እንድትጨምሩልኝ ልለምናችሁ ነው።

እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባውን የኢንሱሊንን ጉልበት ያዳክማሉ። ለፅንሱ ምግብ እንዲተርፍ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ቆሽቷ በቂ ኢንሱሊን ጨምሮ ካልተቋቋመው ግን ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይከማቻል፤ ልጁ ከልክ በላይ ይገዝፋል፣ ምጡ ይከብዳል፣ እሷም ከዓመታት በኋላ ለዓይነት 2 የስኳር ሕመም ትጋለጣለች። የሌላ አገር ችግር አይምሰላችሁ፤ በጎንደር ከተማ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች 12.8 በመቶዎቹ የእርግዝና ስኳር ተገኝቶባቸዋል።

ዘይቱ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የምስሩን፣ የሽምብራውን፣ የጎመኑን አሰር ሲያብላሉ የአንጀትን ግድግዳ የሚያጠነክሩ አሲዶች ይሠራሉ። አሰር አንሶ የረጋ ስብ፣ ማለትም እንደ ቅቤ ሲቀዘቅዝ የሚጠጥረው ዓይነት፣ ሲበዛ ግን፣ በተለይ በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ግድግዳው ይላላል። የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ወደ ደም ይሾልካል፤ ሰውነት ይቆጣል፤ ቁጣው ኢንሱሊንን ይብስ ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የ91 ፊንላንዳውያን ነፍሰ ጡሮች ጥናት፣ ከእርግዝና መጨረሻ ወራት የተወሰደው የአንጀት ባክቴሪያ ወደ አይጦች ሲዛወር ከመጀመሪያዎቹ ወራት ከተወሰደው ይልቅ አይጦቹን አወፍሯል፣ ለኢንሱሊን የሚሰጡትን ምላሽም ቀንሷል።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን በስፔን፣ ማድሪድ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሙከራ ነው። አንዱ ወገን የወይራ ዘይትና ፒስታቺዮ የተባለ ለውዝ መሰል ፍሬ በብዛት እንዲመገብ፣ ሌላው ስብን ሁሉ እንዲቀንስ ተመከረ። የእርግዝና ስኳር የያዛቸው ከመጀመሪያው ወገን 17.1 በመቶ፣ ስብ ቀንሱ ከተባሉት ደግሞ 23.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ «ስብ አትብይ» ብለን ብቻ አንሸኛት፤ የስቡ ዓይነት ነው ጉዳዩ።

የወይራ ዘይት ዋጋው እንደማይቀመስ አውቃለሁ። የኑግ ዘይት በዚያ መንገድ ተፈትኗል አልልም፤ ነገር ግን የኑግ፣ የሱፍና የተልባ ስብ በአብዛኛው ያልረጋ ነው፣ የፓልም ዘይት ስብ ግን ግማሽ ያህሉ የረጋው ዓይነት ነው። ቅቤንም ከገንፎዋ ላይ አንንጠቃት፤ መጠኑን እናወያያት።

አንድ ነገር አደራ። ለአንጀት ይጠቅማል የተባለ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል (ፕሮባዮቲክ) እንዳታዙላት። በአውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ክብደታቸው ከፍ ባለ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተሞክሮ የእርግዝና ስኳርን አልተከላከለም። ገንዘቧን ለምስርና ለጎመን ታውለው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ክትትል «የኔ እህት፣ ወጥሽን በምን ዘይት ነው የምትሠሪው?» በሏት። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ስኳሯ ሳይለካ እንዳታልፍ።

አመሰግናለሁ።