ደግ ጌታ ሲሞት

የተከበራችሁ የንባብ ማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከሜሪላንድ ትራፊኩን ችላችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «የዓመቱ የንባብ ሪፖርት» ይላል። ሪፖርቱ አጭር ነው። ዘንድሮ ካነበብነው ሁሉ ያጣላን አንድ መጽሐፍ ነው፤ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን ልብ ወለድ «ቢላቭድ»። ስለ እሱ ልናገር።

ላላነበባችሁ፣ መነሻው በእውነት የሆነ ነገር ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ባሪያ ከኬንተኪ ተነሥታ፣ በረዶ የሠራውን የኦሃዮን ወንዝ ከነልጆቿ ተሻግራ ባርነት ወደሌለበት ወደ ሲንሲናቲ ገባች። አሳዳጆቹ ቤቱን ሲከቡት፣ ልጆቼ ወደ ባርነት ከሚመለሱ ብላ ትንሿን ሴት ልጇን በቢላ ገደለች። ክርክሩ ምን ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ? በነፍስ ግድያ ትከሰስ ወይስ እንደ ጠፋ ንብረት ለባለቤቷ ትመለስ! መለሷት።

አንዷ እህታችን «እናት ምንም ቢሆን ልጇን አትገድልም» ብላ መጽሐፉን እዚያው ዘጋችው። አንዱ ወጣት ሲያነብ ማልቀሱን ነገረን። ሌላዋ ደግሞ ለሃይስኩል ልጄ አይሆንም አለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ውስጥ አንዲት እናት በዚሁ መጽሐፍ ላይ ያነሣችው አቤቱታ ሪችመንድ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲሰጥ ወላጅ ይነገረው የሚል ሕግ ሊሆን ሲል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ገዢ ቴሪ መኮሊፍ ውድቅ አደረጉት። በ2021 ምርጫ ደግሞ ጉዳዩ የቅስቀሳ ማስታወቂያ ሆኖ መጣ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር መከራከር እወዳለሁ። መጽሐፉ ያማል፤ ያመመው ይናገር።

የማልቀበለው ግን አለ። ስማቸውን የማልጠራው አንድ ጋሼ፣ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይቅር ይበሉኝና፣ «ይሄ የፈረንጅ ጭካኔ ነው፤ የኛ እንዲህ አልነበረም። አያቴ ቤት የነበረችው ሴት እንደ ልጅ ነበረች፣ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ መሶብ ትበላ ነበር» አሉ። ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም «ጋሼ፣ የአያትዎ ርስት ሲከፈል ለእሷ ስንት ደረሳት?» ብዬ ጠየቅሁ። ቡና ቀረበና ጨዋታው ተቀየረ። ዛሬ ማይክራፎኑ እኔ ጋ ነው።

ጋሼ ያሉትን መልስ መጽሐፉ ራሱ ይዞታል። የ«ስዊት ሆም» እርሻ ባለቤት ሚስተር ጋርነር አይገርፍም። ባሪያዎቹን በጎረቤት ፊት እንደ ሌላው «ልጆች» ሳይሆን «ወንዶች» ብሎ ይጠራቸዋል። ሐሌ የተባለው እሑድ እሑድ በኪራይ ሠርቶ እናቱን ነጻ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። ፈቅዶለት! እናቱን ለመግዛት! ከዚያ ጋርነር ሞተ፤ መምህር ነኝ የሚል ዘመድ መጥቶ እርሻውን ያዘ። ይህ ሰው ተማሪዎቹን አስቀምጦ የባለታሪኳን፣ እንደ ማርጋሬት ልጇን የምትገድለዋን ሴት፣ ጠባይ ያስጽፋል፤ የሰውነቷን በግራ፣ የእንስሳነቷን በቀኝ። ሰውየው የሚጽፍበትን ቀለም የምትበጠብጥለት ደግሞ ራሷ ናት። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ደጅ ወጥቻለሁ።

ጋርነር ደግ ነበር? ነበር። ደግነቱ አብሮት ተቀበረ፤ ባለቤትነቱ ተወረሰ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ፍትሐ ነገሥቱ ስለ ባሪያ የራሱ አንቀጽ ነበረው። ጅማ ሂርማታ ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር። በ1915 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ውስጥ ለመግባት ስንጠይቅ የተነሣብን ትልቁ ነቀፌታ ይኸው ነበር። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ልጆቹን ነጻ ለማውጣት አዋጅ የሚያውጅ አገር የት አይታችኋል? ዛሬስ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ተቀምጠን ልጆቻችን ሊጋቡ ሲሉ «ዘሩ ይጣራ» የምንለው ምን ፈርተን ነው? ያቺ «እንደ ልጅ» የነበረችው ሴት የልጅ ልጅ ቤታችን እንዳትገባ አይደለም? ታዲያ ልጃችን ከነበረች ምኗን ነው የምናጣራው?

ስለ መዋጮና ስለ አዳራሹ ኪራይ የምለው ነበረኝ፤ ገንዘብ ያዣችን ታስረዳችኋለች።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ፣ ሁላችንም አያቶቻችን ቤት ስለነበሩ ሰዎች ጠይቀን እንድንመጣ ነው፤ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደሸጣቸው፣ ሲያረጁ ማን እንደጦራቸው። ጋሼ፣ ቀድመው የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። የርስቱንም ጥያቄ አልተውኩትም።

አመሰግናለሁ።