ጤፍ የምታክል የዘይት ጠብታ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በፈረንጆቹ ጥር 1984 በሰሜን ዌልስ የሚፈሰው የዲ ወንዝ ውስጥ ፌኖል የሚባል መርዛማ የፋብሪካ ኬሚካል ገባ። ወንዙ ሁለት ሚሊዮን ለሚሆን ሰው የመጠጥ ውሃ ምንጭ ስለነበር፣ በየቤቱ ቧንቧ ሲከፈት መድኃኒት መድኃኒት የሚል ውሃ ወረደ። ነገሩን ያባሰው ውሃውን ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን ነው። ፌኖል ክሎሪን ሲያገኝ ክሎሮፌኖል ይሆናል፤ ከክሎሮፌኖሎች አንዱን ደግሞ ምላስ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም እንኳ ቢሆን ይለየዋል። ስለዚህ ፌኖልን መያዝ ያለብን ከማጣሪያ ጣቢያው ሳይሆን ከፋብሪካው በር ነው።

ፌኖልን ከፍሳሽ የምንይዝበት፣ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ የምታዩት ነጭ ነገር ወተት አይደለም። ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ውሃ፣ ላምባ እና ስፓን 80 የሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካል በኃይል ተመትተው ነው እንዲህ የሆኑት። የሶዳው ውሃ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) በሚያህሉ ጠብታዎች ተበትኖ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ላምባ ለብሳለች። ይህንን ፌኖል ካለበት ፍሳሽ ጨምረን ቀስ አድርገን ስናማስለው ጤፍ ጤፍ እያከለ ይበታተናል። በእያንዳንዷ ጤፍ ሆድ ውስጥ እጅግ ብዙ የሶዳ ጠብታዎች አሉ።

ፌኖል በዘይት ይሟሟልና የላምባውን ግድግዳ ያልፋል። ከወዲያ በኩል ሶዳው ተቀብሎ ሶዲየም ፌኖሌት ያደርገዋል፤ ይህ ጨው ነው፣ ጨውን ደግሞ ላምባ አያሳልፍም። መግባት እንጂ መውጣት የለም። ውስጥ የገባው ሁሉ መልኩን ስለሚቀይር ውጭ የቀረው መግባቱን አያቆምም። የነዳጅ ኩባንያው የኤክሰን ተመራማሪ የነበረው ኖርማን ሊ የዚህን ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኘው በፈረንጆቹ 1968 ነው፤ እኔ እስከዛሬ ሳስበው ብልሃቱ ያስቀናኛል።

ሂሳቡ ግን ምሕረት የለውም። 94 ግራም ፌኖል ቢያንስ 40 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይበላል። በሊትር 1 ግራም ፌኖል ያለበት አንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ 425 ግራም ያህል ሶዳ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ምንም ሳይባክን። ይህን ረስቶ ላምባውን የሚወቅስ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ፍሳሹ ራሱ ፒኤቹ ከ10 በላይ፣ ማለትም እንደ ሶዳው ቤዝ ከሆነም ፌኖሉ ገና ከውጭ ጨው ስለሚሆን በር ላይ ይቀራል።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ቸኩዬ የማማሰያውን ፍጥነት ጨመርሁ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ፌኖሉ ሊያልቅ ደረሰ፤ ለጓደኞቼ አውርቼ፣ ምሳዬን በልቼ ስመለስ ቁጥሩ ተመልሶ ወጥቷል። መምህሬ ምንም ሳይናገሩ የፒኤች ወረቀቱን ነክረው አሳዩኝ፤ ሰማያዊ ሆነ። ጤፎቹ ፈንድተው ሶዳውን ከነፌኖሉ ደፍተውታል። መጀመሪያ ፌኖል ብቻ የነበረበት ውሃ አሁን ሶዳም ላምባም ተጨመረለት።

ደግሞም ውሃ ራሱ ወደ ሶዳው እየሰረገ ጤፎቹን ያሳብጣቸዋል፣ ግድግዳቸውም ይሳሳል። እንዳይፈነዱ ስፓን ብትጨምሩ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ላምባውን መልሶ ለመጠቀም በመጨረሻ ይህንኑ ወተት በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ መስበር አለባችሁ። እየሠራ ሳለ የማይሰበር፣ ሥራው ሲያልቅ ግን የሚሰበር ነገር ነው የምንፈልገው። አይቻልም አልልም፤ ኦስትሪያ ውስጥ በሌንዚንግ ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1986 በዚሁ ዘዴ ከቪስኮስ (ከእንጨት ከሚሠራ የጨርቅ ክር) ፍሳሽ ዚንክ ማውጣት ተጀምሮ ነበር። ለፌኖል ግን ብዙ ፋብሪካ ዛሬም ባክቴሪያንና አክቲቭ ካርቦንን (ፌኖልን የሚይዝ ልዩ ከሰል) ይመርጣል፤ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ 99 በመቶ ፌኖል አስወገድሁ የሚል ሪፖርት ስታመጡልኝ የምጠይቃችሁ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ነው። ናሙና በ5ኛው ደቂቃ ውሰዱ፣ በ40ኛውም ድገሙ።

ብርጭቆውን ቀርባችሁ እዩት፤ ሶዳ አለበትና በባዶ እጅ እንዳትነኩት። ዛሬ ጠዋት የሠራሁት ነው፤ ከሥሩ ቀጭን የጠራ ውሃ መለየት ጀምሯል።