ረሃብን ያየ ገዥ

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ ስለ አንድ የስፔን ባላባት አወራችኋለሁ። ስሙ አልቫር ኑኜዝ ካቤዛ ዴ ቫካ ይባላል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። አያቱ ፔድሮ ዴ ቬራ በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ካሉት የካናሪ ደሴቶች አንዷን፣ ግራን ካናሪያን፣ በጦር ያስገበረ፣ የደሴቶቹንም ሰዎች ለባርነት የሸጠ ነበር። የወጣው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው።

በ1527 የንጉሡ ግምጃ ቤት ሹም ሆኖ፣ 600 ያህል ሰዎች ካሉት ጦር ጋር ወደ አሜሪካ ተሳፈረ። ፍሎሪዳ ሲደርሱ ሁሉም ነገር ተበላሸ። መርከቦቻቸው ጠፉባቸው። ፈረሶቻቸውን አርደው በሉ። እርካቡን አቅልጠው ሚስማር ሠሩ፤ ከጋማው ገመድ፣ ከሸሚዛቸው ሸራ አወጡ። በዚህ በተሠሩ አምስት ጀልባዎች ሲጓዙ ማዕበሉ የዛሬዋ ቴክሳስ ዳርቻ ላይ ራቁታቸውን ጣላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአገሩ ሰዎች መጥተው ሲያዩአቸው አጠገባቸው ተቀምጠው አለቀሱላቸው። ከግማሽ ሰዓት በላይ! ይህን የነገረን ራሱ ካቤዛ ዴ ቫካ ነው፤ በ1542 ባሳተመው መጽሐፍ። ከዚያ ዘመን ታሪክ እንደዚህ ልቤን የነካው ነገር የለም። የሚያለቅስላችሁን ሰው እንዴት አውሬ ትሉታላችሁ?

ባላባቱ ከዚያ በኋላ ባሪያም፣ ነጋዴም፣ ፈዋሽም ሆነ። ዛጎል ተሸክሞ እየዞረ በቆዳና በባልጩት ለወጠ። በመጨረሻ አብረው የተጓዙት አራት ብቻ ናቸው። አንዱ ኤስቴባን ነው፤ ከሞሮኮ የመጣ አፍሪካዊ ባሪያ። ከአገሩ ሰው ጋር የሚነጋገረው፣ መንገድ የሚጠይቀው እሱ ነበር። ያንን ሁሉ መንገድ እኩል ሄዶ፣ ሜክሲኮ ሲደርሱ ግን ያው ባሪያ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ1536 ሰሜን ሜክሲኮ ውስጥ የገዛ አገራቸውን ሰዎች አገኙ። ባሪያ ፈንጋዮች ነበሩ! አጅበዋቸው የመጡትን ነዋሪዎች ሊይዙ ሲሉ ካቤዛ ዴ ቫካ ከወገኖቹ ጋር ተጣላ።

በ1540 በደቡብ አሜሪካ የሪዮ ዴ ላ ፕላታ ግዛት ገዥ ተብሎ ተሾመ፤ በ1542 የዛሬዋ ፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን ገባ። ቅዱስ ነበር አልልም። ጓይኩሩ በተባሉት ሕዝቦች ላይ ዘምቷል። ነገር ግን ስፔናውያን ሰፋሪዎች የአገሩን ነዋሪዎች ጓራኒዎችን እንዳሻቸው እንዳያደርጉ ደንብ አወጣባቸው። ይህን አልወደዱለትም። አንድ ዘመቻም ሳይሳካለት ቀረ። በ1544 ታሞ ከተኛበት ይዘው አሰሩት፤ በሰንሰለትም ወደ ስፔን ላኩት። እዚያም በ1551 ተፈረደበት፤ ወደ አሜሪካ እንዳይመለስም ተከለከለ። ያሰሩት ሰዎች በቦታው ያስቀመጡት ዶሚንጎ ዴ ኢራላ ግን ሹመቱ በኋላ በንጉሡ ጸደቀለት።

አመሰግናለሁ።