የአክስቴ ምድጃ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከኋላዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። በነሐሴ፣ ደሴ ላይ፣ ያውም ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድምፅ መቅዳት ዕብደት ነው። ግድግዳውን በባና ሸፍኜዋለሁ፤ ጣሪያውን ግን ምን ላድርገው?

ሰሞኑን አንድ ምድጃ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ከሚያልፈው ቆራሊዮ ባዶ የቀለም ጣሳ ገዛሁ። (መቼም "ቆርቆሮ ያለው" ሲጣደፍ ነው ቆራሊዮ የሆነው።) ልጁ ሳቀብኝ። እሱ የሚገዛ እንጂ የሚሸጥ አይደለማ! ጣሳውን በምስማር እየበሳሁ ዙሪያውን ሐረግ አወጣሁበት፣ ውስጡ ወንፊት የመሰለ ላሜራ ገጠምኩ። ማታ ሻማ ከትቼ ስሞክረው ሐረጉ ግድግዳው ላይ ተሣለ። ያምር ነበር፣ እውነቴን ነው። በማግሥቱ ለአክስቴ ወሰድኩላት።

ከሰሉ መጋም ሲጀምር ቀለሙም አብሮ ነደደ። ሽታው! ቡናው ሳይቆላ ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። አክስቴ ምድጃውን በጨርቅ ይዛ ደጅ አወጣችውና "አንተ ልጅ፣ ይኼ ለማየት ነው ለቡና?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ደግሞ እሷ ውዳቂ የምትንቅ ሴት አይደለችም። መብራት ሲጠፋ የምታበራው ኩራዝ የቲማቲም ጣሳ ነበር። ክሩ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ፣ ከዚያው ጣሳ ክዳን የተቆረጠ እጀታ፣ ሆዱ ላይ ደግሞ ግማሹ የተፋቀ ቀይ ቲማቲም። ሠሪው ሥዕሉን ሊያጠፋም ሊያሳምርም አልደከመም። ጋዝ እንዳያፈስ ብቻ ነው የተጨነቀው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወረድኩ። ከአፋር በረሃ ግመል እየነዱ የመጡትን አልፌ፣ በርባሶ የሚሠሩ አንድ አባት አጠገብ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ቢላዋቸውን በየመሀሉ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ደረቅ ቢላ ጎማ ላይ ይያዛል፣ የረጠበው ይንሸራተታል። ገዢው ባዶ እግሩን ጎማው ላይ ያቆማል፣ ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምሩለታል። ማሰሪያውን ከከመነዳሪ ይቆርጡና በጠባብ ስንጥቅ ይጎትቱታል፤ ጎማ ጎማን ነክሶ ይቀራል። አንዱን ጎማ አንሥተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና ወዲያ ወረወሩት። ለምን አልኳቸው።

"ሽቦ አለው። ነገ እግር ይወጋል፣ ልጄ።"

እኔ ጣሳዬን እንደዚያ ዳብሼው አላውቅም። ስለ ሐረጉ እንጂ ስለ እሳቱ አላሰብኩም ነበር።

ጎማው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ባቲ የአሰብ መንገድ ላይ ናት። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ የወደቡ ከባድ መኪና በባቲ፣ በኮምቦልቻና በደሴ ያልፍ ነበር። ላሜራ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከጣሊያንኛ የተረፉ ናቸው። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ሰፈር ሁሉ ይሰማዋል።

ታዲያ ጥበቡስ? ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚገዛው የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። ሽቦውን ይጠመዝዛል፣ ይጎነጉናል፤ ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የሚታይ እርሻ ይመስላል። ግን ቡና አፍሉበት አላለም። እኔ ነኝ ሁለቱንም በአንድ ጣሳ የፈለግኩት። ካፌ ውስጥ የሚሰቀለው የሃይላንድ አበባም ያናድደኛል፤ በሁለት ወር አቧራ ጠጥቶ ተመልሶ ቆሻሻ ይሆናል፣ በመሀል "ፈጠራ" ተብሎ ተጨብጭቦለት።

አሁን አሁን ጣሳ ሳገኝ መጀመሪያ ደጅ አውጥቼ ቀለሙ እስኪያልቅ አነደዋለሁ። ሲጠቁር ያስጠላል፣ ግን አይሸትም።

ያ የመጀመሪያው ምድጃ አልተጣለም። አክስቴ አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተከለችበት። ውሃው በሐረጉ ቀዳዳ እየፈሰሰ ሥሩ አይበሰብስም። ጎረቤት ለቡና ጤና አዳም ሊቀነጥስ ሲመጣ "ይኼን የመሰለ ማስቀመጫ ከየት አገኘሽው?" ይላታል። "የወንድሜ ልጅ ነው የሠራልኝ" ትላለች። ምድጃ እንደነበረ አትናገርም።