ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ መሐል ከተሞቻችን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የፒያሳና የአራዳ ነጋዴዎች፣ የማዘጋጃ ቤት ባልደረቦች፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያና ከላሊበላ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ወደ ደሴ በሰላም መጣችሁ።

ስለ አሮጌ ሰፈሮቻችን ወሬ ሲነሳ አንዱ «ይፍረስና ፎቅ ይሠራ» ይላል። ሌላው «ቅርስ ነው፣ አይነካ» ይላል። መሃል ላይ ያለው ቤት ግን ማፍሰሱን ቀጥሏል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ፍሳሽ ነው። አሮጌ ከተማ የሚተርፈው ጣሪያው ሲጠገንና ሰው ሲኖርበት፣ ሲነግድበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ደሴ የንጉሥ ሚካኤል ከተማ ናት። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ በቦምብ ደበደቧት። በሚያዝያ ወር ደግሞ ጦሩ ገባ። ጣሊያን ሄደ፤ የሠራቸው ቤቶች ግን ቀሩ። ከጎናቸው የአባቶቻችን የጭቃ ቤቶች ቆመዋል። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ሙዚየም ሆኖ ሲያገለግል ኖረ። በ2014ቱ ጦርነት ግን ተዘረፈ። ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን፣ ተቆጣን። ልክ ነበርን። በየክረምቱ በዝናብ ለሚሄደው ቤት ግን ማንም አያለቅስም። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ መልስ ከ1967 ይጀምራል። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን አለ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ብዙ ድሃ ቤተሰብ በዚያ ምክንያት መጠለያ አግኝቷል፤ ይህ መካድ የለበትም። ግን ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ቀበሌው የሚያድስበት ገንዘብ የለውም። ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የሱ ስላልሆነ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይፈራል። ቆርቆሮ ልቀይር ቢል እንኳ ፈቃድ ፍለጋ ሲመላለስ ይከርማል። እንዲህ እያለ ጣሪያው ይዘምማል። በመጨረሻም «ለኑሮ አይመችም» ተብሎ ይፈርሳል። ይህን ያመጣው የአንድ ሰው ክፋት አይደለም። አሠራሩ ራሱ ነው ቤቱን የሚያፈርሰው።

እኔ ሥራዬ ግንባታ ነውና ስለ ግድግዳ ትንሽ ልናገር። የጭቃ ቤት ቋሚ አለው፣ ማገር አለው፣ በላዩ በጭድ የተቦካ ምርጊት አለ። ምርጊት እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ደሴ እንደምታውቁት ከጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ጉሙም ዝናቡም አይለያትም። አሁን አንዳንዱ ሰው ቤቱን ላሳምር ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ለሁለት ዓመት ያምራል። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ማገሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። ከውጭ ሲታይ አዲስ የሚመስለው ግድግዳ በጣት ቢነካ የሚገባ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እዚህ ያሉ አባቶችም ያውቁታል። አሸንዳውን አስተካክሉ፤ ውሃው ከግድግዳው ሥር ይራቅ። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ የተላጠውን በምርጊት ድፈኑ። ወጪው የአንድ በር ዋጋ አይሞላም።

ቤቱን ከጠገንን በኋላ ደግሞ ሰው ያስፈልገዋል። ላሊበላን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በአጠገባቸው ደግሞ ክብና ባለ ፎቅ የድንጋይ መኖሪያ ቤቶች አሉ፣ ደረጃቸው ከውጭ የሆነ። በእነዚያ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ግን ለጥበቃ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ድንጋዩ ቀረ፤ ጭሱ፣ ቡናው፣ የልጆቹ ጩኸት ሄደ። ሐሳቡ መልካም እንደነበር አልጠራጠርም። ሆኖም ባዶ ቤት ቶሎ ያረጃል። ሌላውን ሰፈራችንን ስናቅድ ይህን እናስታውስ።

ባቲንም እዩ። የባቲ ሰኞ ገበያን ያቆመው የትኛውም ሕንፃ አይደለም። አፋሩ ግመሉን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ከደጋና ከወይና ደጋ ይወርዳል። ቦታውንና ቀኑን ሁሉም ያውቃል፤ ተቀጣጥሮ የሚመጣ የለም። እንዲህ ያለ ገበያ ከቦታው ተነስቶ ከከተማ ዳር ይደረግ ቢባል ዳስ መሥራት ይቻላል፤ ሰዉ ግን ላይመጣ ይችላል።

አሁን ስለ ኮሪደር ልማት። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የጎርፍ መውረጃ ከተማችን ያስፈልጋታል። እናቶቻችን በማታ ሳይፈሩ መሄድ አለባቸው። እኔ የምለምነው በዚያ መንገድ ዳር ሱቅ የነበረው ሰው እንዳይጠፋ ነው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጠ ነጋዴ ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ማን በዱቤ ወስዶ እንደሚከፍል ያውቃል። ያ እውቀት ከከተማ ዳር አይበቅልም።

ለማዘጋጃ ቤታችን ልመናዬ ይህ ነው። ቆርቆሮ ለመቀየር፣ አሸንዳ ለመስቀል፣ ምርጊት ለማደስ የቀበሌ ቤት ተከራይ በአንድ ቀን ፈቃድ ያግኝ። ያወጣው ወጪ በደረሰኝ ከኪራዩ ይታሰብለት። ለልማት የሚነሳ ነጋዴ ካለ፣ ሲጠናቀቅ ወደዚያው መንገድ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሰጠው። የቅርስ አዋጃችን፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን መዝግቦ የመጠበቅ መንገድ አለው። ከመፍረሳቸው በፊት ቤቶቻችንን እናስመዝግብ።

ለናንተ ለባለሱቆችና ለተከራዮች ደግሞ፦ አብሽሩ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልጠየቅሁም። ክረምት ሊገባ ነው። ግንቦት ሳያልቅ እያንዳንዳችን ያለንበትን ጣሪያ እንይ። የጎረቤታችን ሽማግሌ መውጣት ካልቻሉ የሳቸውንም እንይ። ምርጊት የሚያውቁ አባቶች ለወጣቶቹ ያሳዩ፤ ወጣቶቹም የሙያ ክፍያቸውን ያግኙ።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፒያሳ እንገናኝ። ከአራዳ ጀምረን የትኛው ቤት ቆርቆሮ፣ የትኛው አሸንዳ እንደሚፈልግ እየጻፍን እንሄዳለን። መሰላል እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶችም ከኛ ጋር ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።