ላይፍ ጃኬት ለካያክ፦ ለፖቶማክ ወራጅ እና ለቼሳፒክ ቤይ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላይፍ ጃኬቶች። አንዱ ብርቱካናማ፣ ኪሰ ብዙ፤ ሌላው ደረቱ ላይ ቀይ ኳስ የተንጠለጠለበት]

ሁለቱም ለካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ ለሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ የሚሆኑ ላይፍ ጃኬቶች (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉ ልብሶች) ናቸው። ብርቱካናማው ለባሕር፣ ቀይ ኳስ ያለው ለወራጅ ወንዝ ተሠርቷል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሰው ሁለቱም ዓይነት ውሃ ቅርብ ነው። የፖቶማክ ወንዝ ግሬት ፎልስ በተባለው ፏፏቴ ላይ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተጋጨ ይወርዳል፤ ከሊትል ፎልስ በታች የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚደርስበት ሰፊ ውሃ ይሆናል፤ መጨረሻው ቼሳፒክ ቤይ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ወንዙ አንድ ቢሆንም የሚፈልገው ጃኬት ይለያያል።

ከሁሉም በፊት ግን ልክ ይቀድማል። ልክ ያልሆነ ጃኬት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ይንሸራተትና አፍና አፍንጫን ይሸፍናል። ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ሰውየው ከሥሩ ይቀራል።

የአዋቂ ጃኬት የሚመረጠው በደረት ዙሪያ እንጂ በክብደት አይደለም። በብርድ ወራት ከሥር ወፍራም የውሃ ልብስ ስለሚለበስ፣ ሜትሩን በዚያው ልብስ ላይ አዙረው ይለኩ።

[ምስል፦ ጃኬት የሚለብስ ሰው፣ ከቅርብ]

ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላልተው ይልበሱት፤ ዚፑን ይዝጉ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ያጥብቁ፦ መጀመሪያ የወገቡን፣ ቀጥሎ የጎኖቹን፣ በመጨረሻ የትከሻዎቹን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትከሻው ቀድሞ ከጠበቀ ጃኬቱ በሙሉ ወደ ላይ ይሳባል። ከጎድን አጥንት በታች መያዝ የነበረበት የወገብ ማሰሪያ ጎድን አጥንት ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው ሲያነሣው የሚያስቀረው ነገር የለም።

አሁን አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ትከሻዎች ይዞ ወደ ላይ ይጎትት። ጃኬቱ አገጭን አልፎ ወደ ጆሮ ከወጣ እንደገና ያጥብቁ፤ አሁንም ከወጣ በአንድ ቁጥር ያነሰውን ይሞክሩ። ቆመው ብቻ አይለኩት። መሬት ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡና እንደሚቀዝፉ ሆነው ክንድዎን ያዙሩ። ብብት የሚፈትግ ጃኬት ጥቂት ከተቀዘፈ በኋላ መውለቁ አይቀርም። የካያኩ ወንበር ከፍ ያለ መደገፊያ ካለው ደግሞ የጀርባው ፎም (ጃኬቱን የሚያንሳፍፈው ስፖንጅ መሰል ሙሊት) ከመደገፊያው ጋር ይጋፋና ጃኬቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለእንዲህ ያለው ወንበር ፎሙ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ የታችኛው ጀርባው ስስ መረብ የሆነ ይምረጡ።

የመጨረሻው ፈተና ውሃ ውስጥ ነው። ደረት በሚደርስ የረጋ ውሃ እግርዎን አንስተው ወደ ኋላ ጋደም ይበሉ። አገጭዎ ከውሃው በላይ ሆኖ ያለ ጭንቅ ከተነፈሱ ጃኬቱ ልክዎ ነው።

[ምስል፦ የጃኬቱ የውስጥ መለያ]

አብዛኛው አዋቂ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ የማንሳፈፍ ኃይል ከ7 እስከ 12 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 እስከ 5.5 ኪሎ ገደማ ነው። በአሜሪካ ለአዋቂ ቀዛፊ የሚፈቀደው የተለመደ ጃኬት ቢያንስ 15.5 ፓውንድ ያነሣል፤ ይህ ኒውተን በተባለው የኃይል መለኪያ ወደ 70 ነው። በአውሮፓ መለያው 50 ኒውተን ይላል። 150 የተጻፈበት የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ እሱ ግን ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው ለመገልበጥ ስለተሠራ ግዙፍ ነው፣ ለመቅዘፍም ወደ ካያክ ለመመለስም ያስቸግራል። በአንጻሩ የካያክ ጃኬት ራሱን የሳተ ሰው ፊት ወደ ሰማይ እንዲዞር ዋስትና አይሰጥም። ከጓደኛ ጋር መውጣት ግድ የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው።

በጋዝ የሚነፋው ቀጭኑ ጃኬት ለወራጅ ውሃ አይሆንም። ሳይነፋ አያንሳፍፍም፤ ራሱን ድንጋይ የመታው ሰው ደግሞ ጃኬቱን የሚያስነፋውን የመሳቢያ ገመድ ላያገኘው ይችላል።

[ምስል፦ ቼሳፒክ ቤይ፣ ነፋስ ያነሣው ሞገድ]

ባሕር ላይ ዋናው ጉዳይ መታየትና መጣራት ነው። ቼሳፒክ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣ አጫጭር፣ የሚደራረብ ሞገድ ይፈጠራል፤ ባዶውን ካያክም ነፋሱ ከባለቤቱ ፈጥኖ ይወስደዋል። ስለዚህ ሬዲዮው ጀልባው ላይ ሳይሆን ጃኬቱ ላይ ይሁን። ቪኤችኤፍ ሬዲዮ (ጀልባዎች የሚነጋገሩበትን የእጅ ሬዲዮ) አጥብቆ የሚይዝ ኪስ ይፈልጉ፤ የአደጋ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው። ፊሽካው ውስጡ ኳስ የሌለው፣ በአጭር ገመድ የታሰረ ይሁን። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ቢሆን ይሻላል፤ ሰማያዊና ግራጫ ሱቅ ውስጥ ያምራሉ፣ ሞገድ መሃል ግን ከውሃው አይለዩም።

ኪስ ሲበዛም ይጎዳል። ከውሃ ወደ ካያክ የሚመለሱት በደረት ተንሸራተው ነው፤ ደረት ላይ ያበጠ ኪስ የመቀመጫውን ጠርዝ ይይዛል። ወፍራሙን ዕቃ ወደ ጎን ያዛውሩት።

[ምስል፦ ማዘር ጎርጅ፣ ከግሬት ፎልስ በታች ያለው የፖቶማክ ጠባብ ገደል፤ አረፋማ ወራጅ]

ወንዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የሚያሰጋው መያዝ ነው፦ የተንጠለጠለ ገመድ፣ የተረሳ ካራቢነር (የገመድ ማያያዣ ብረት)፣ ረጅም የማሰሪያ ጫፍ ሁሉ ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ሊይዘው ይችላል። ጫፎቹን አጣጥፈው ይሸጉጡ። አረፋማ ውሃ አየር ስለተቀላቀለበት የማንሳት ኃይሉ ያነሰ ነው፤ በዚህ የተነሣ የወንዝ ቀዛፊ ከዝቅተኛው መጠን በላይ የሚያነሣ ጃኬት ቢመርጥ ጥሩ ነው። ጎኖቹም ፎም ያላቸው ይሁኑ፤ ጎድን አጥንትን ከድንጋይ ይከላከላሉ።

ቀዩ ኳስ የነፍስ አድን ቀበቶ መፍቻ ነው። ጀርባ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ገመድ ይታሰርና ሰውየው ሌላውን ለማዳን ይገባል፤ ገመዱ አደጋ ላይ ከጣለው ኳሱን ስቦ ይለቀቃል። ግን ቀበቶው ጃኬቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ያለው የብረት ሳህን በኩል ከተሾለከ ገመዱ በደንብ ካልተወጠረ ላይለቅ ይችላል፣ ጫፉ ከተቋጠረ ደግሞ ፈጽሞ አይለቅም። ሥልጠና ለሌለው ሰው ይህን ጃኬት አንመክርም። ቀለል ያለ የወንዝ ጃኬት ይግዙና የተረፈውን ገንዘብ ሄልሜት ላይ ያውሉት።

ሊትል ፎልስ አጠገብ ያለው ብሩክሞንት ግድብ ዝቅ ያለ ስለሆነ የዋህ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ውሃ ግን ወደ ግድቡ እየተመለሰ ይሽከረከራል፣ ጃኬት የለበሰንም ሰው ይዞ ያስቀራል። ከሩቅ ወደ ዳር ወጥተው ካያኩን ተሸክመው ይለፉት።

ልጆች በክብደት ይለካሉ፦ እስከ 30 ፓውንድ፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 90። እንደ ትምህርት ቤት ልብስ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ ያለ አይገዛም፤ ልጁ በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ለሕፃናት በእግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ከአንገት ኋላ መያዣ ያለው ይሁን።

ውሃ ላይ ሳሉ ጃኬቱን አያውልቁ። በሚያዝያ አየሩ ሲሞቅ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፣ ከዚያ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ካያኩ ላይ የታሰረውን ጃኬት እዚያ መልበስ የማይሆን ነገር ነው። በኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) የ2022 ሪፖርት መሠረት በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱት 85 በመቶው ጃኬት አልለበሱም ነበር።

[ምስል፦ የኪራይ ጃኬቶች ተሰቅለው]

አከራዮች የሰጡዎትን ጃኬት ሳይመረምሩ አይልበሱ። ፎሙን ሲጨምቁት ካልተመለሰ፣ ጨርቁ ከፀሐይ ነጥቶ ሲሳብ የሚተረተር ከሆነ፣ ዘለበቱ ከተሰነጠቀ ሌላ ይጠይቁ። የራስዎን ከጨው ውሃ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ጥላ ላይ ያድርቁ፤ አይቀመጡበት፣ ማሞቂያ አጠገብ አይስቀሉት። አርጅቶ ሲጥሉት ማሰሪያዎቹን ይቁረጡ፣ ሌላ ሰው ከቆሻሻ አንስቶ እንዳይለብሰው።